ነጥቡን ሰማያዊ ሳደርገው የቀረቡት ሰባቱ ከዋክብት

ሐምሌ 19፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ

እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኮከብ ቆጣሪ ሆኗል» ብላ አውርታለች። ዛሬ ከገብርኤል ስትመለስ አብራት የመጣች ሴትዮ በር ላይ አስቆመችኝ። የልጇንና የእጮኛውን ስም ይዛለች፤ የእናቶቻቸውን ስም ጭምር። «ኧረ እትዬ፣ የኔ ቆጠራ ሌላ ነው» ብዬ በስንት መከራ ሸኘኋት። እማዬ ግን አልዋሸችም። ይኸው ማታውን ኮከብ እየቆጠርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ሰማይ የሚባል ነገር የለም። ባይኖኩላሬ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ትጠጣለች። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ቢሆኑ ከዚህ ደመና በታች ናቸው። ስለዚህ ሌሎች ከደመና በላይ ሆነው የለኩትን ልጠቀም ብዬ አሰብኩ። ጋያ የምትባለዋን የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መንኮራኩር ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 ተመጥቃ፣ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ እስከ ጥር 2025 ሰማዩን ስትቃኝ ኖረች። አሁን ሥራዋን ጨርሳ ተዘግታለች። መዝገቧ ግን አለ፤ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሦስተኛው መዝገብ 1.8 ቢሊዮን ያህል የብርሃን ነጥቦች አሉት። ከነዚህ ውስጥ ወደ 1.47 ቢሊዮን የሚሆኑት ቦታቸው፣ እንቅስቃሴያቸውና ፓራላክሳቸው (ርቀት የሚታወቅበት ትንሽ ዝላይ፤ እመለስበታለሁ) ተለክቷል።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ሰባቱ ከዋክብት፣ ፕሌያዲስ የሚባሉት ሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩት ዘለላ፣ ምን ያህል ይርቃሉ?

ሌላ ኮከብ ጠፍቶ አይደለም። የነዚህ ርቀት ባለሙያዎችን ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። ከጋያ በፊት ሂፓርኮስ የምትባል መንኮራኩር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመጥቃ በ1997 የ118 ሺህ ከዋክብት መዝገብ ወጣላት። በእሷ ልኬት ሰባቱ ከዋክብት 120 ፓርሴክ ገደማ ላይ ናቸው። አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው፤ የብርሃን ዓመት ደግሞ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት። ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ግን 135 አካባቢ ይላሉ። ልዩነቱ 50 የብርሃን ዓመት ነው። ይሄ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሂፓርኮስ ልክ ከሆነች እነዚህ ከዋክብት በዕድሜያቸውና በዓይነታቸው ሊኖራቸው ከሚገባው በላይ ደብዛዛ ናቸው ማለት ነው። ያኔ ስለ ከዋክብት የምናውቀው ነገር አንድ ቦታ ላይ ተዛንፏል።

መልሱ ተጽፎ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት በራሴ እጅ፣ በዚህች 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ብራውዘር ውስጥ ቁጭ ብዬ ማግኘት ነው።

ዛሬ የሠራሁት መሰናዶውን ብቻ ነው። ጉግል ኮላብ ላይ አዲስ ደብተር ከፈትኩ። ስሙ ኖትቡክ ቢሆንም ደብተር ነው በቃ። ሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ ገጽ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትእዛዝህን ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ትጽፋለህ፣ ሺፍትና ኢንተር ትጫናለህ፣ መልሱ ከሥሩ ይወጣል። ሠንጠረዥም ይሁን ሥዕል እዚያው ይቀመጣል። ከሳጥኖቹ መሃል ደግሞ ለራስህ ማስታወሻ ትጽፋለህ። ላፕቶፔ ምንም አያሰላም፤ ያሳያል እንጂ። ስሌቱ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ከዚያም ርቆ፣ ማድሪድ አጠገብ ባለው የጋያ መዝገብ ቤት። ወደ እኔ የሚመጣው ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ ፋይል ነው። የእኔ ዳታ የሚችለው ይሄንኑ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

መጠይቁን ጻፍኩ። የጋያ መዝገብ የሚገባው ኤዲኪውኤል የሚባል ቋንቋ ነው። ኤስኪውኤል የሚባለውን የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ የነካካ ሰው ወዲያው ይግባባዋል፤ በላዩ ላይ የሰማይ ጂኦሜትሪ ተጨምሮበት ማለት ነው። ያዘዝኩት ይሄን ነው፦ ከሰባቱ ከዋክብት መሃል ተነሥተህ በ5 ዲግሪ ዙሪያ ያሉትን አምጣ፤ ፓራላክሳቸው ከ5 ሚሊ አርክሰከንድ (አንድ ዲግሪ ውስጥ 3.6 ሚሊዮን አሉ) በላይ የሆኑትን ብቻ፤ ፓራላክሱም ከስህተቱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን።

ፓራላክስ ለማያውቅ፦ አውራ ጣትህን ፊትህ አቁመህ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዓይንህ እየው። ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ጣትህን ስታርቀው ዝላዩ ይቀንሳል። ጋያም እንዲሁ ናት፤ ግራና ቀኝ ዓይኖቿ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ወዲህና ወዲያ ያሉት ቦታዎች ናቸው። አንድን ሺህ በፓራላክሱ ስታካፍል ርቀቱን በፓርሴክ ታገኛለህ። 5 ሚሊ አርክሰከንድ ማለት 200 ፓርሴክ ነው።

መልሱ በሰከንዶች መጣ። 2,000 ረድፍ።

ደስ አለኝ። ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ጀበናውን ሳቀርብ ነው የነቃሁት። 2,000? ልክ ሁለት ሺህ? ሰማይ መቼ ነው ድፍን ቁጥር ሰጥቶ የሚያውቀው?

ተመልሼ መመሪያውን አነበብኩ። መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝ እሱን ነበር። አስትሮኩዌሪ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ መጠይቅ የሚልክባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው እዚያው ጠብቀህ የምትቀበለው ነው፤ ከ2,000 ረድፍ በላይ አይሰጥም። ሁለተኛው ሥራውን ወረፋ አስይዞ ሲያልቅ የሚያመጣ ነው። ልዩነቱ በትእዛዙ ስም መጨረሻ ላይ የምትጨመር «ኤሲንክ» የምትል ቃል ናት። እሷን ስጨምር የረድፉ ብዛት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ድፍንም አልነበረም።

ቡናው ገነፈለ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩ አብሮ ሄደ፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍት ደብተሩ አለ፤ ያወረድኩት ፋይል ግን የለም። ጥፋቱ የራሴ ነው። ኮላብ የሚያውስህ ኮምፒውተር ለጊዜው ነው። ስትለይ በውስጡ የተውከው ሁሉ ይጠረጋል። የሚቀረው የጻፍከው ትእዛዝ ነው። አሁን ሠንጠረዡ በመጣ ቁጥር ወደ ድራይቭ የሚያስቀምጥ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ጋ ነው። 10ኛን ጨርሷል። ስክሪኑ ላይ «ጁፒተር» የሚል ቃል አይቶ «ጋሼ፣ ሰባቱ ከዋክብት አልክ እንጂ ጁፒተር መቼ አልክ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮላብ የተሠራው ጁፒተር በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነው። ስሙ ጁሊያ፣ ፓይተንና አር ከሚባሉ ሦስት የፕሮግራም ቋንቋዎች የተውጣጣ ነው። ይህን አስረዳሁት። «እና ፕላኔቱን አናይም?» አለ። አናይም አልኩት። ቅር አለው።

ዛሬ ደስ የሚለው ክፍል ነበር። እስካሁን ያለኝ አንድ ትልቅ ክበብ ውስጥ የወደቀ ኮከብ ሁሉ ነው። አብዛኞቹ ከሰባቱ ከዋክብት ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። በእይታ መስመር ላይ የተገኙ አላፊ አግዳሚዎች ናቸው። ቤተሰቡን ከመንገደኛው እንዴት ትለያለህ?

በአካሄዳቸው። እያንዳንዱ ኮከብ ሰማይ ላይ በዓመት በጣም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ጋያ ይህን በሁለት ዓምድ ትሰጥሃለች፦ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል፣ ወደ ሰሜን ምን ያህል። አንዱን በአግድም ሌላውን በቁም አድርጌ ነጥቦቹን ሣልኩ። መሃል ላይ ጥላ የመሰለ የተበተነ ብናኝ ወጣ። እሱ መንገደኛው ነው። ከሱ ወረድ ብሎ፣ ወደ ምሥራቅ 20፣ ወደ ደቡብ 45 ሚሊ አርክሰከንድ አካባቢ፣ ጥቅጥቅ ያለች እብጠት አለች። ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ የተጫናት ትመስላለች።

ልጁ «ምንድን ነው?» አለ።

«እነሱ ናቸው» አልኩት።

ከሺህ በላይ ከዋክብት ባንድ ጎዳና፣ ባንድ ፍጥነት ሲሄዱ። ቤተሰብ ካልሆኑ በቀር እንዲህ አይሆንም። ፍጥነቱን ደግሞ አሰብነው። በዓመት 50 ሚሊ አርክሰከንድ ገደማ ነው። የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ለመሄድ 36 ሺህ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ጋያ ይህን የለካችው በሦስት ዓመት ባልሞላ ክትትል ነው። እኔ እስካሁን ቆም ብዬ ሳስበው ይገርመኛል።

በእብጠቷ ዙሪያ ክበብ አሠመርኩ። ፓራላክሳቸው ከ6.8 እስከ 7.9 የሆነውን ብቻ አስቀረሁ። 1,100 ገደማ ቀሩ። ክበቡን ሳሰፋው ይጨምራሉ፣ ሳጠበው ይቀንሳሉ። ይሄ ትንሽ ያሳስባል። የቤተሰቡ ድንበር የሚሰመረው በእኔ እጅ ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ በፓራላክስ አጥሬ ካስገባኋቸው በኋላ ፓራላክሳቸውን ልለካ ነው። ራሴ ቆርጬ ራሴ መለካት እንዳይሆን አጥሩን በሁለቱም በኩል ሰፋ አድርጌ ሞከርኩት። መካከለኛው ዋጋ እምብዛም አልተነቃነቀም። እሺ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የቀለምና የድምቀት ሥዕል። በአግድም የኮከቡ ቀለም፣ በቁም ትክክለኛ ድምቀቱ። መጀመሪያ ስሥለው ተገልብጦ ወጣ፤ በከዋክብት ድምቀት ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ይደምቃል፣ ይሄን ሁሌ እረሳለሁ። ገለበጥኩት።

ያኔ መስመሩ ቁልጭ አለ። ከላይ ግራ ሰማያዊና ደማቆቹ፣ እየወረደ ሲሄድ ብርቱካናማ፣ ታች ቀኝ ቀያይና ደብዛዛ ድንክዬዎች። አንድ ቀጭን መስመር። ሁሉም እኩዮች ስለሆኑ፣ ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ስለሆነ ነው። መንገደኞቹን ስጨምርበት መስመሩ ይደፈርሳል።

ቀርበህ ስታየው ግን መስመሩ አንድ አይደለም። ከላዩ ጥላው የመሰለ ሌላ ስስ መስመር አብሮት ይወርዳል። ልዩነቱን ለካሁት፤ 0.75 ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ ነው) ገደማ። ይሄ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ብርሃን እጥፍ ሲሆን ማግኒቲዩዱ በ0.75 ይለወጣል። ጋያ አንድ ነጥብ አድርጋ ያየቻቸው እነዚህ ሁለት ሁለት ናቸው፤ እኩል የሚያበሩ ጥንድ ከዋክብት። መንታዎቹ ራሳቸውን ያጋለጡት በድምቀታቸው ነው። በነገራችን ላይ ልኬታቸው የተንገጫገጨ ከዋክብትን የሚያስወጣውን የተለመደ ማጣሪያ ለዚህ ሥዕል አንስቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚንገጫገጩት ጥንዶቹ ናቸውና። እሱ ቢኖር ጥሩውን ወሬ አብሮ ይጥለው ነበር።

አሁን ርቀቱ። መካከለኛው ፓራላክስ 7.37 ወጣ። ጋያ ግን የታወቀ ትንሽ ጉድለት አላት። ፓራላክሷ በጥቂቱ አንሶ ይወጣል። ለኛዎቹ ከዋክብት 0.04 ያህል ብጨምር ይበቃል። እርማቱን ሥዕሉ ያለበት ሳጥን ውስጥ ጻፍኩት። አንድ መስመር ናት፦ ፓራላክስ ማለት ፓራላክስ ሲደመር 0.04። ከሥዕሉ በላይ ደግሞ ርቀቱን በርዕስነት እንዲጽፍ አደረግኩ። ራት ቀረበ። ልጁን «ቀለሙን እያስተካከልክ ቆየኝ» አልኩት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ ጠዋት

ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከራት ስመለስ ርዕሱ ላይ የነበረው ቁጥር 121 ፓርሴክ ነው። መካከለኛውን ፓራላክስ አየሁ፣ 8.25። ሂፓርኮስ! ያ ሁሉ ትችት የወረደባት አሮጌ መንኮራኩር ልክ ነበረች ማለት ነው? እኔ፣ ከዚህች ላፕቶፕ፣ ከአዲስ አበባ? ለጓደኛዬ በቴሌግራም ልልክለት ጽፌ ነበር። እግዜር ሲያወጣኝ ዳታ አልቆብኝ አልሄደም።

ጠዋት ልጁ ቁጭ ብሎ ነጥቦቹን ከአረንጓዴ ወደ ሌላ ቀለም ይቀይራል። በመሃል ዞር ብሎ፦

«ጋሼ፣ ቀለም በቀየርኩ ቁጥር ይሄ ቁጥር ለምንድን ነው የሚቀንሰው?»

«የቱ ቁጥር?»

«ርዕሱ ላይ ያለው። ትናንት 135 ነበር። ሰማያዊ ሳደርገው ወደ 134 ወረደ። ነጥቦቹን ሳሳንሳቸው 133 አለ።»

ሄጄ አየሁ። ሺፍትና ኢንተር ተጫንኩ። ቁጥሩ ወረደ። ደግሜ ተጫንኩ። ደግሞ ወረደ።

ገባኝ። እርማቱና ሥዕሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ልጁ ቀለም በቀየረ ቁጥር ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች ይሮጣል። በሮጠ ቁጥር በፓራላክሱ ላይ ሌላ 0.04 ይጨምራል፤ በፊት በተጨመረበት ላይ። ደብተሩ የትናንቱን አይረሳም። ማታ 22 ጊዜ ሮጦ ነበር፤ ሲባዛ 0.88፣ በ7.37 ላይ ሲደመር 8.25። ያ የእኔ ታላቅ ግኝት የቀለም ምርጫ ነበር። አንድ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ ከዋክብትን ሁለት የብርሃን ዓመት ያህል ወደ ቤታችን ስንጎትታቸው አምሽተናል።

ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ከእያንዳንዱ ሳጥን በስተግራ ስንተኛ ሆኖ እንደሮጠ የሚናገር ትንሽ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ሳጥን 3 ይላል። ቀጥሎ ያለው 41። ሦስተኛው 12። ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ይመስላል እንጂ የሮጠው ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ነው። ገጹ የሚያሳየኝ አንድ ታሪክ፣ ኮምፒውተሩ የሚያስታውሰው ሌላ። የደብተር ትልቁ ተንኮል ይሄ ይመስለኛል። ተራ የፓይተን ፋይል ቢሆን ሁሌም ከአንደኛው መስመር ስለሚነሣ እንዲህ አያሞኝም ነበር።

ልጁን ምሳ ልጋብዘው ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ በሽሮ ታረቅን።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ ማታ

ጠገንኩት። የጋያን ዓምድ አልነካም፤ የታረመው ፓራላክስ በአዲስ ስም የራሱ ዓምድ ላይ ይቀመጣል። አሁን መቶ ጊዜ ብትሮጥ ያው ነው። እርማቱ ለብቻው ሳጥን፣ ሥዕሉ ለብቻው። ከዚያ ሁሉንም አጥፍቶ ከላይ እንደገና የሚያስሮጠውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ወረዱ። ከእንግዲህ ይህን ሳላደርግ ለሰው ቁጥር አልልክም።

ወጣ፦ 7.41። ርቀቱ 135 ፓርሴክ። 440 የብርሃን ዓመት። ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ የሚሉት፣ የጋያ ባለሙያዎችም ያገኙት አካባቢ ነው። ሂፓርኮስ እዚህ ላይ ተሳስታለች።

ልጁ «440 የብርሃን ዓመት ምን ያህል ነው?» ሲለኝ ኪሎ ሜትሩን ልነግረው ጀምሬ ተውኩት። ዜሮ ብቻ ነው። በነገሥታት ነገርኩት። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ ሲነሣ እዚህ አገር ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ። ሂፓርኮስ ልክ ብትሆን ኖሮ ብርሃኑ የተነሣው ዐፄ ፋሲል በነገሡ ሰሞን፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ይሆን ነበር። «በሁለቱ መሃል ስንት ንጉሥ አለ?» አለኝ። ይሄ ደግሞ ሌላ ደብተር ይጠይቃል።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። በዓይናችን የምናያቸው ደማቆቹ፣ ስሙን የሰጡት እነዚያ፣ ለጋያ ከመጠን በላይ ያበራሉ። ልኬታቸው ከደብዛዛዎቹ ወንድሞቻቸው ይልቅ ሸካራ ነው። ርቀታቸውን የነገሩኝ ማንም የማያያቸው ናቸው።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ ንጋት

ቡሄ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጅራፍ ከሌሊቱ ጀምሮ ይጮሃል። እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ 11 ሰዓት ላይ ስትነሣ እኔም ነቃሁ። በሩን ስከፍት ሰማዩ ተከፍቷል። ለሳምንታት ያላየሁት ነው።

ልጁን ቀሰቀስኩት። ሰባቱ ከዋክብት አናታችን ላይ ናቸው፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው። በምሥራቅ ደግሞ ቀጭን ጨረቃ፣ ከእሷ ጋር ሁለት ደማቅ ነገሮች። ታችኛዋ ቬኑስ ናት። ልጁ ላይኛውን እያሳየኝ «ያኛውስ?» አለ። ጁፒተር ነው አልኩት። ዕውነተኛው። ሳቀ።

እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆጠረች። በጣቷ፣ ቀስ ብላ።

«ስድስት ናቸው እኮ።»

«አዎ፣ እማዬ፣ ብዙ ሰው የሚያየው ስድስት ነው። እኔ ግን 1,100 አግኝቻለሁ።»

«ታዲያ ሰባተኛዋ የታለች?»

መልስ አልነበረኝም። «እሷን ፈልጋት» አለችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።